አስማቱ ሁሉ ለምን ያቀጥናል?

መነሻ ጽሑፍ

ምናባዊ ልቦለድ የሚጽፍ ሰው ነፃነቱ ወሰን የለውም። በአንድ ሰማይ ላይ ሦስት ጨረቃ ያወጣል፣ ወንዙን ሽቅብ ያስኬዳል፣ ዛፉን ያናግራል፣ የሞተውን ያስነሣል። የገንዘቡን፣ የሃይማኖቱን፣ የዘመን አቆጣጠሩን ሕግ የሚያወጣው እርሱ ነው። ሰውን በሰውነቱ የሚመዝንበት ሚዛን ግን ከእኛው ዓለም ተነቅሎ እንዳለ ይተከላል። ጀግናዋ ሸንቃጣ ናት። ስግብግቡ ንጉሥ ቦርጫም ነው። ከሃዲው ያነክሳል፤ ካላነከሰም ፊቱ ላይ ጠባሳ አለበት። ማንም ዞር ብሎ የማያያት ወፈር ያለች ልጅ አስማት እጇ ሲገባ ደግሞ፣ ኃይሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራላት ነገር ወገቧን ማቅጠን ነው። መንግሥቱን ከማዳኗ በፊት ትቀጥናለች።

ይህን የምለው መጻሕፍቱን ጠልቼ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ስወዳቸው ኖሬአለሁ፤ ዛሬም ማታ ማታ የማነበው እነርሱን ነው። የሚያሳስበኝ አንባቢው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የጉርምስና ዘመን የሚለው ከ10 እስከ 19 ያለውን ዕድሜ ነው፤ ከእነዚህ ልቦለዶች ብዙዎቹም የሚጻፉት ለዚሁ ዕድሜ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሰውነት ባለቤቱን ሳያማክር ይለወጣል። የሴቶች ጉርምስና አብዛኛውን ጊዜ በ8 እና በ13 ዓመት መካከል፣ የወንዶቹ በ9 እና በ14 መካከል ይጀምራል። በዚያ ወቅት የሴት ልጅ ዳሌና ጭን ስብ መጨመሩ ሕመም አይደለም፤ እድገት ነው። ታዲያ ሰውነቷ በተፈጥሮ መንገዱ እየሰፋ ያለ የ13 ዓመት ልጅ፣ ስፋት የስንፍና ወይም የክፋት ምልክት የሆነበትን ወፍራም መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ስታነብ ስለ ራሷ ምን ትሰማለች?

በዓለም ላይ ከሰባት ታዳጊዎች አንዱ ከአእምሮ ጤና ችግር ጋር እንደሚኖር ይኸው ድርጅት ይገልጻል። ምክንያቱ ልቦለድ ነው አላልኩም፤ አልልምም። የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። ሁሉን መለወጥ የሚችል ደራሲ ይህን አንዱን ነገር ለምን ሳይለውጥ ይተወዋል? ለውጦ ያሳየስ አለ?

የመጡትን ምላሾች እንደ ቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በጨዋ ቋንቋ አመስግኖ ጀመረ። በአብዛኛው ይስማማል፤ ነገር ግን ለሁለተኛው ጥያቄ መልሱ በዘርፉ አናት ላይ ተቀምጧል ባይ ነው። ደራሲው ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1937 ለአንባቢ ያስተዋወቃቸው ሆቢቶች አጫጭር፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ እግራቸው ፀጉራም፣ ካገኙ በቀን ስድስት ጊዜ የሚበሉ ፍጥረታት ናቸው። ከ1954 እስከ 1955 በወጣው ባለ ሦስት ቅጽ ሥራው ደግሞ ጠቢባንና ነገሥታት ሊነኩት የሚፈሩትን ክፉ የአስማት ቀለበት የሚሸከመው ከእነዚሁ አንዱ ነው። ያም ሰው ጣቱን አጥቶ ይመለሳል፤ ትከሻው ላይ የተወጋው ቁስልም በየዓመቱ ቀኑን ጠብቆ ያመዋል። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ዓለም ዳነ ተብሎ ሰውነቱ እንደ አዲስ አልተሠራለትም። ከቶልኪን በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ካርታውንና ሰይፉን ወርሰው ቦርጩንና ቁስሉን ትተዋቸዋል።

ምላሽ 2

አጭር ነበር። ተረት ተረት ነው፤ ሰው ዘንዶ በሚጋልብበት ዓለም ወገብ መለካት ደስታን ማበላሸት ነው፤ ሰውነት ደግሞ ፖለቲካ የለውም አለ። ከዚያ በላይ አልጻፈም፤ በኋላ ግን ተመለሰ።

ምላሽ 3

በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚሠሩ ሴት ለ2ኛው መለሱለት። በማን እንደሚሳቅ፣ ለማን እንደሚታዘን፣ ማን ሳይታይ እንደሚያልፍ የሚወስን ሰው ሥልጣን ይዟል፤ ሥልጣን ባለበት ፖለቲካ አለ ነው ክርክራቸው። ምሳሌያቸውን ያመጡት ፊሊፕ ፑልማን በ1995 ካሳተመው ልቦለድ ነው። እዚያ ዓለም ውስጥ የእያንዳንዱ ሰው ነፍስ በእንስሳ መልክ ከጎኑ ትኖራለች። የልጆቹ እንስሳ መልኳን እንደ ልቧ ትለዋውጣለች፤ ጉርምስና ሲደርስ ግን በአንድ መልክ ትረጋለች። የሃይማኖቱ ባለሥልጣናት ያ ለውጥ ሳይመጣ ልጁንና እንስሳውን ቆርጠው ለመለያየት ይነሣሉ። ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰው እንግዲህ ትልልቅ ሰዎች የጎረመሰ ሰውነትን መፍራታቸው ነው። መጽሐፉን ሊመልሱ የሚመጡ ልጆች፣ አሉ እኒህ ሴት፣ የሚያወሩት ስለ ማንም መልክ አይደለም፤ የእነርሱ ነፍስ በምን እንስሳ መልክ ልትረጋ እንደምትችል ይከራከራሉ። ለሰውነት ለውጥ ከፍርሃት ሌላ ቋንቋ ተሰጥቷቸዋል ማለት ነው።

ምላሽ 4

አንድ አባት ስለ 14 ዓመት ልጃቸው ጻፉ። ልጅቱ ባለ ብዙ ቅጽ ልቦለድ ትከታተል ነበር። የጀግናዋ ኃይል በጨመረ ቁጥር ሰውነቷ ይሳሳል፤ ደራሲውም መሳሳቷን ሳያነሣ አንድ ምዕራፍ አያልፍም። ልጃቸው በመጀመሪያ ምሳ ተወች፣ ቀጥሎ ቁርስ። ሐኪም ዘንድ ከደረሱ በኋላ አባትየው መጻሕፍቱን ሲያገላብጡ በእርሳስ የተሰመረባቸውን መስመሮች አገኙ። የተሰመረው ጦርነቱ፣ ፍቅሩ ወይም አስማቱ አልነበረም። የአንገት አጥንት፣ የእጅ አንጓ፣ የወገብ ልክ፣ ቀበቶ ጠበብ የተደረገበት ቦታ ብቻ ነበር። መጽሐፉን በልጃቸው ሕመም እንደማይከሱ ደጋግመው ተናገሩ፤ በዚያው ዓመት ትምህርት ቤት ቀይራለች፣ ጓደኞቿንም አጥታለች። ይሁን እንጂ ልጅቱ ታማ የምትፈልገውን ነገር ደራሲው በየምዕራፉ አዘጋጅቶ አቆይቷት ነበር አሉ። ይህን ምላሽ ካነበብኩ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር ማንበብ አልቻልኩም።

ምላሽ 5

የነርስነት ሙያ ያላቸው ሌላ ተሳታፊ በቀጥታ ለአባትየው ጻፉ። አይዞዎት ብለው ጀመሩና ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። ራስን በረሀብ የመቅጣት ሕመም፣ በሕክምናው ስሙ አኖሬክሲያ፣ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው። ቤተሰብ ልጁ አጥንቱ እስኪታይ መጠበቅ የለበትም፤ ሳይከሱም በጠና የሚታመሙ አሉ። ከቤተሰብ ጋር ላለመብላት ሰበብ መደርደር፣ ሁልጊዜ መብረድ፣ ማዞር፣ የወር አበባ መቅረት፣ ተደብቆ ስፖርት መሥራት፣ ከምግብ በኋላ ወዲያው መጸዳጃ ቤት ገብቶ መቆየት፤ እነዚህ ሲታዩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል። ሕመሙ ወንዶችንም እንደሚይዝ አስጠነቀቁ።

ከዚያ ሳልጠብቀው ወደ ልቦለዱ ተመለሱ። በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ አንሴል ኪስ የተባለው ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወንድ በጎ ፈቃደኞችን ለስድስት ወር ያህል ከለመዱት ግማሽ በሚጠጋ ምግብ አኖራቸው። ከክብደታቸው ሩብ የሚሆነውን አጡ። የበለጠ የሚያስደነግጠው አእምሯቸው የሆነው ነው። ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ይዘው የሚውሉ ነበሩ። ተነጫነጩ፣ ከጓደኛ ራቁ፣ ለፍቅር ያላቸው ስሜት ጠፋ፣ ይበርዳቸው ጀመር። ስለዚህ ለሳምንታት ሳይበላ ጫካ ለጫካ ተጉዞ፣ ሐሳቡ ጠርቶ፣ ሰይፉ ሳይዝል ጠላቱን የሚጥል ቀጭን ጀግና በሕይወት የለም። የተራበ ሰው የሚያልመው ዙፋን አይደለም፤ እንጀራ ነው። በዚህ ክር፣ ማለትም በዚህ የጥያቄና የምላሽ ሰንሰለት፣ ውስጥ ደራሲ የሆነ ሁሉ አንድ ምላሽ ብቻ ያንብብ ብባል የምጠቁመው ይህን ነው፤ ረሀብን የጥንካሬ ጌጥ አድርጎ መሣል ጎጂ ብቻ ሳይሆን ሐሰትም መሆኑን በማስረጃ ያሳያልና።

ምላሽ 6፣ 7 እና 8

እዚህ ላይ ድምፁ ከረረ። 6ኛዋ መላሽ ጉዳዩ የተረጋገጠ ነው፣ ክርክር አያስፈልገውም አለች። ያቀረበችው በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የደሴቶች አገር የፊጂን ነገር ነው። በአገሪቱ ናድሮጋ በተባለው ክፍል ቴሌቪዥን በ1995 ገባ። አን ቤከር የተባለችው ተመራማሪ በዚያው ዓመት ታዳጊ ሴቶችን ጠየቀች፤ በ1998 ደግሞ እንደገና ጠየቀች። የአመጋገብ መዛባት ምልክት የታየባቸው ከ12.7 በመቶ ወደ 29.2 በመቶ አደጉ። ክብደት ለመቀነስ ብለው የሚያስመልሱት በመጀመሪያው ጊዜ አንድም አልነበሩም፤ በሁለተኛው 11.3 በመቶ ሆኑ። እንግዲህ ታሪክ ያሳምማል፣ አለቀ አለች።

7ኛው አላለቀም አለ። ያ ጥናት ስለ ቴሌቪዥን እንጂ ስለ መጽሐፍ አይደለም። በሁለቱ ዓመታት የተጠየቁትም ያው ልጆች አልነበሩም፤ በመጀመሪያው 63፣ በሁለተኛው 65 ሌሎች ልጆች ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ በሦስት ዓመት ውስጥም በአንድ አገር የሚለወጠው ቴሌቪዥን ብቻ አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ ልቦለድን መክሰስ ድልድይ በሌለበት ወንዝ መሻገር ነው ብሎ ዘጋው። 6ኛዋ በ8ኛው ምላሽ ተቆጥታ ተመለሰች፤ ልጆች እየታመሙ ቁጥር ቆጠራ ላይ መቆም ጭካኔ ነው አለችው።

ቁጣዋ ይገባኛል። ነገር ግን 7ኛው ልክ ነው፤ ልክነቱም ለእርሷው ይጠቅማታል። ማስረጃውን ከአቅሙ በላይ ያሸከመ ሰው፣ ማስረጃው ሲወድቅ ልጆቹም አብረው ይረሳሉ። በ1995 እና በ1998 መካከል የሆነው ነገር ከባድ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ሆኖ መቆየቱ ክብደቱን አይቀንሰውም።

ምላሽ 9

የ19 ዓመት ወጣት ነው። እስካሁን ሁሉም ስለ ሴቶች መጻፉን ታዘበ። የወንዱ አስማት አያቀጥንም፣ ያገዝፋል። መነጽር ያደረገው ደካማ ልጅ የተመረጠው እርሱ መሆኑ በታወቀ ማግስት ትከሻው ይሰፋል፣ ሆዱ ላይ የጡንቻ መስመር ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚያምነው። ሃሪሰን ፖፕ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1999 ያሳተመውን ጥናት ጠቀሰ። የወንድ ልጆችን የጀግና አሻንጉሊቶች በዓመታቸው ደርድረው ለክተው፣ በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ ጡንቻቸው እጅግ እንዳበጠ አሳይተዋል። በመጨረሻ የመጡት አንዳንዶቹ በሰው ቁመት ልክ ቢሠሩ የክንዳቸው ውፍረት የትኛውም ስፖርተኛ የማይደርስበት ነው። ወጣቱ ራሱ በ16 ዓመቱ ጡንቻ ያሳድጋል የተባለ ዱቄት ከወላጆቹ ደብቆ ይወስድ ነበር። ማንም እንደታመመ አልጠረጠረም፤ ጎበዝ ስፖርተኛ ሆነ ተብሎ ይመሰገን ነበርና። ይህ ምላሽ ጥያቄዬን አሰፋው፤ ልጁ የሚያነበው ልቦለድም እንደ ልጅቱ ሁሉ ያለህበት ሰውነት አይበቃም ይለዋል።

ምላሽ 10 እና 11

2ኛው መላሽ ተመለሰ፤ አሁን አጭር አልነበረም። ይህ ሁሉ ወሬ መጨረሻው ሳንሱር ነው አለ። በ2023 ፓፊን የተባለው አሳታሚ የሮአልድ ዳልን የልጆች መጻሕፍት ቃላት መቀየሩን አስታወሰ፤ በ1964 በወጣው የቸኮሌት ፋብሪካ ታሪክ ውስጥ ያለው ሆዳም ልጅ ወፍራም መባሉ ቀርቶ ግዙፍ ተብሏል። ዛሬ አንድ ቃል፣ ነገ ምዕራፍ፣ ከነገ ወዲያ መጽሐፉ በሙሉ። በዚህ ክር ውስጥ ያሉትን ሁሉ መጽሐፍ አቃጣዮች እስከ ማለት ደረሰ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋን ጭምር። ይህ አላግባብ ነበር።

የ11ኛው መላሽ መልስ ግን በስድብ አልነበረም። ቃሉ በተቀየረ ጊዜ ምን ተለወጠ ብሎ ጠየቀ። ልጁ አሁንም ከምግብ በቀር ሌላ ጠባይ አልተሰጠውም። አሁንም ቸኮሌት ወንዝ ውስጥ ይወድቃል፤ አሁንም ቧንቧ ይውጠዋል፤ አንባቢ አሁንም እንዲስቅ ይጠበቃል። የሰውነቱ መጠን ወንጀሉ፣ ውርደቱም ቅጣቱ ሆኖ እንዳለ ነው። ስለዚህ ለውጡ የ2ኛውን ሰው ያህል አያስቆጣውም፣ የአሳታሚውንም ያህል አያስደስተውም። አሳታሚው በዚያው ወር የቀድሞውንም ጽሑፍ ጎን ለጎን ማተሙን እንደሚቀጥል ማስታወቁን አክሎ፣ መጽሐፉ አልጠፋም አለ።

እኔ ሙሉ በሙሉ ከ11ኛው ጋር ነኝ። ልጅን የሚያቆስለው ቃሉ ብቻ አይደለም። ማን ሽልማት፣ ማን ቅጣት እንደሚያገኝ የሚደለድለው የታሪኩ አካሄድ ነው። ወፍራም የሚለው ቃል ደፋር፣ ብልህ፣ ተወዳጅ ከሆነች ሴት ስም ጎን ቢቆም የማንንም ልብ አይሰብርም። ቃሉ ተሰርዞ ቅጣቱ ሲቀር ግን ልጆች ነገሩን ወዲያው ይለዩታል፤ እንዲያውም መጠራት እንኳ የማይገባው ነውር እንደሆነ ይረዱታል። የቆዩትን መጻሕፍት እንደተጻፉ እናንብባቸው፤ ከልጆቻችን ጋር እየተነጋገርን። የምንጠይቀው ነገ የሚጻፈውን ነው።

ምላሽ 12 እና 13

12ኛዋ በልጅነታቸው ፊታቸው የተቃጠለ ሴት ናቸው። በ12 ዓመታቸው የክፍል ጓደኞቻቸው ካዩት ፊልም የክፉውን ጠንቋይ ስም አውጥተውላቸው እስከ ትምህርት ፍጻሜ ድረስ በዚያ ስም ኖሩ። ልጆቹ ክፉ አልነበሩም አሉ፤ ጠባሳ ያለው ፊት ካዩት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ እርሱም የጠላት ፊት ላይ። የብሪታንያ የፊልም ተቋም በ2018፣ ጠባሳ የክፋት ምልክት ሆኖ የሚቀርብበትን ፊልም በገንዘብ እንደማይደግፍ ሲያስታውቅ ዜናውን ቆመው እንደሰሙት ጻፉ።

13ኛው አንባቢ ለእርሳቸው መልስ እንዲሆን የኧርሱላ ለ ጉዊንን የ1968 ልቦለድ አመጣ። ጠንቋዩ ጌድ ገና ወጣት ሳለ በትዕቢት ከማያውቀው ዓለም የጠራው ጥላ ፊቱን ይቧጥጠዋል። ጠባሳው አይጠፋም፤ ጌድም ከዚያ በኋላ ይበልጥ ጠቢብ እንጂ ክፉ አይሆንም። የቆዳው ቀለምም ቀይ ቡናማ ነው፤ ደራሲዋ አስባ ያደረገችው ነው። ይህ ሆኖ ሳለ የሽፋን ሠዓሊዎች ደጋግመው ነጭ አድርገው ሣሉት፤ በ2004 የተሠራው የቴሌቪዥን ድራማም ሚናውን ለነጭ ተዋናይ ሰጠ፤ ደራሲዋም በአደባባይ ተቃወመች። ደራሲ ሚዛኑን ቢቀይር እንኳ ከእርሱ በኋላ ያሉት እጆች ወደ ነበረበት ሊመልሱት እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም። 12ኛዋ መጽሐፉን እንደሚፈልጉት ጻፉ።

ምላሽ 14 እስከ 17

ክሩ እዚህ ላይ መንገድ ሳተ። አንዱ የቤት ያህል ክብደት ያለው ዘንዶ በዚያ ክንፍ እንዴት ሊበር ይችላል አለ፤ ሌላው አጥንቱ እንደ ወፍ ክፍት ከሆነ ይቻላል ብሎ በስሌት መለሰለት። ቀጥሎ ስለ ሴት ተዋጊዎች የጦር ልብስ ተነሣ፤ ሆድን አራቁቶ ትከሻን በብረት የሚሸፍን ልብስ ማንን ከምን እንደሚያድን የሚያስረዳ አልተገኘም። 17ኛው ጥሩ ነገር ነገረን። ተጫዋቹ የራሱን ጀግና በሚሠራባቸው ብዙ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ቀንድ፣ ጅራትና ሰማያዊ ቆዳ መምረጥ ይቻላል፤ ሆድ መምረጥ ግን አይቻልም። ከመነሻ ጽሑፌ ይልቅ ጉዳዩን ያሳጠረው ይህ ነው።

ምላሽ 18

የ16 ዓመት ልጅ ናት፤ ስትከታተለን ቆይታ አሁን ጻፈች። ልቦለድ እየጻፈች ነው። ጀግናዋ ወፍራም ናት፣ ዘንዶ ትጋልባለች። ጥያቄዋ ውፍረቷን ልጥቀስ ወይስ ልተወው የሚል ነው። ከጠቀሰችው ታሪኩ ስለ ክብደት ይሆንባታል ብላ ፈራች፤ ከተወችው አንባቢ በልማዱ ቀጭን አድርጎ ያስባታል።

ምላሽ 19 እና 20

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ተመልሰው፣ ልጄ ሆይ ብለው መከሯት። ቁመቷን እንደምትናገሪ ሁሉ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ በግልጽ ተናገሪ፤ ከዚያ ልብሷ ልኳ ይሁን፣ ስትበላ አትፈር፣ ማንም ደግሞ ወፍራም ብትሆንም ቆንጆ ናት አይበል፤ ያ “ብትሆንም” የሚለው ቃል ሁሉን ያፈርሰዋል። አንድ ተጨማሪ ሐሳብም ሰጧት፤ ክብደቷ በጦርነቱ ይጥቀማት፣ ዘንዶው በማዕበል ሲናወጥ ሚዛኑን የምትጠብቅለት እርሷ ትሁን።

9ኛው ወጣት በዚህ የመጨረሻው አልተስማማም። በአክብሮት፣ ግን አጥብቆ ተቃወመ። ሰውነቷ የመኖር መብቱን በጥቅም መክፈል ካለበት ሚዛኑ አልተቀየረም፤ ቀጭኗ ጀግና ቅጥነቷ ለምን እንደሚጠቅም አስረድታ አታውቅም አለ። ሠራተኛዋም መልሰው፣ ሰውነቱ ሲሠራ የማይታይ ጀግና ሐሳብ እንጂ ሰው አይሆንም አሉ። በዚህ ሁለቱም አልተነቃነቁም። እኔ ወደ ወጣቱ አደላለሁ፤ ሠራተኛዋ ያሉት ግን ልብ ወለዱን ለሚጽፍ ሰው የማይታለፍ ነው።

ምላሽ 21 እና 22

ልጅቱ ሁለቱንም አመስግና፣ ጀግናዋ በምንጭ ውኃ ታጥባ ቀጥና የምትወጣበትን ምዕራፍ ማውጣቷን ነገረችን። እስካሁን እንደዚያ ያለ ምዕራፍ እንደነበራት አላወቅንም ነበር። በቦታው የኮርቻ ሠሪው ምዕራፍ ገብቷል፤ ሠሪው ልኳን ወስዶ ለእርሷ የሚሆን ኮርቻ ይሠራል። የቀራት ጥያቄ የኮርቻው ጠፍር ከዘንዶው ክንፍ በፊት ይለፍ ወይስ በኋላ የሚል ነበር። ስለ ዘንዶ አጥንት ስሌት ያቀረበው 15ኛው መላሽ ከፊትም ከኋላም ሁለት ጠፍር እንደሚያስፈልግ፣ የፊተኛው ክንፉ ከሚነሣበት ጡንቻ ራቅ ብሎ ደረቱ ላይ እንዲያርፍ፣ አለበለዚያ እንስሳው በመጀመሪያው ቀን እንደሚቆስል በረጅሙ አብራራላት።